እያጠረ የሚኖር ቤት

የዶርዜ ቤት ስንት ዓመት እንዳስቆጠረ ለመገመት ባለቤቱን መጠየቅ የግድ አይደለም፤ ቁመቱን ማየት ይበቃል። ገና የተሠራው እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። የቆየው ደግሞ ጎንበስ ብለው ካልገቡበት በሩ ግንባር ይመታል። ሁለቱም ሲጀመሩ ረጃጅም ነበሩ። ልዩነቱን ያመጡት ከሥር እየበላ የሚወጣው ምስጥና ምስጥ የበላውን እየቆረጠ ቤቱን መልሶ የሚያሳርፈው ባለቤት ናቸው።

ስለዚህ ቤት የሚወራው አብዛኛው ስለ መልኩ ነው። ዝሆን ይመስላል ይባላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የጉብኝት ማስታወቂያ ላይ ይወጣል። ጥገናውን የሚያነሳ ጥቂት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ መልኩ የመጣው ከጥገናው ነው። ቤቱ ለምን ያን ያህል ረዘመ? ለምን መሐል ምሰሶ የለውም? ግድግዳና ጣሪያው ለምን አልተለዩም? እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ የሚቻለው ቤቱ ከተሠራ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን እንደሚደረግበት ሲታወቅ ነው።

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ወደ ጨንቻ በሚወስደው ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ ይገኛል። ዛሬ አካባቢው በጋሞ ዞን፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። መኪናው ሽቅብ ሲወጣ ሙዙና ማንጎው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ከታች ተነጥፈው ይታያሉ፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲደረስ እንሰት፣ ቀርከሃና ጉም ይጀምራል። ብርድ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ሌሊቱ ጋቢ ያስደርባል። ቤቱ የተሠራው ለዚህ አየር ነው። ወርዶ አርባ ምንጭ ቢተከል ባለቤቱን በሙቀት ያሰቃየው ነበር።

የቤቱ ዕቃ ከጓሮ ይወጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ ሁለት ዓይነት ቀርከሃ ይበቅላል። አንደኛው የቆላ ቀርከሃ ነው፤ ውስጡ ድፍን ነው፣ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል በብዛት ይገኛል። ሁለተኛው የደጋ ቀርከሃ ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ ረጅምና በቀላሉ የሚሰነጠቅ። ዶርዜ ያለው ይህ የደጋው ነው። እዚያ ቀርከሃ የዱር ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው እንደ እንሰቱ ሁሉ በግቢው ዙሪያ ተክሎ የሚጠብቀው ሀብት ነው። ቡቃያው ከመሬት በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፣ አይወፍርም፤ ግንዱ እየጠነከረ ብቻ ይሄዳል። ለቤት የሚሆነው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየው ነው። ከዚያ በፊት የተቆረጠው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይወደዋል።

ነቀዝ የሚወደው በምክንያት ነው። በቀርከሃ ግንድ ውስጥ ተክሉ ለምግብነት ያጠራቀመው ስታርች አለ፤ ለነቀዝ ይህ ቀለብ ነው። ስለዚህ በየትም አገር ያሉ የቀርከሃ ባለሙያዎች ግንዱ የጎለመሰ እንዲሆን፣ የሚቆረጥበትም ወቅት በጋ እንዲሆን ይመክራሉ። በዝናብ ወራት የተቆረጠ ቀርከሃ እርጥብ ነው፣ ለመድረቅም ጊዜ ይፈጃል። አንድ ቤት ሃምሳ ዓመት መቆም አለመቆሙ በከፊል የሚወሰነው ገና ሥራው ሳይጀመር፣ ቀርከሃው በተቆረጠበት ቀን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሬት ላይ ክብ ይሠመራል። በክቡ ላይ የቀርከሃ ቋሚዎች ተራ በተራ ይተከላሉ። ከዚያ የተሰነጠቀው ቀርከሃ በቋሚዎቹ መሐል አንዴ በፊት አንዴ በኋላ እያለፈ፣ ከታች ወደ ላይ ዙሪያውን ይጎነጎናል። ሥራው ከፍ ሲል ሰዎቹ መወጣጫ ሠርተው ይከተሉታል። ቋሚዎቹ ወደ ላይ እየተጠጋጉ ሄደው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። እዚህ ላይ ግድግዳ አለቀ፣ ጣሪያ ጀመረ የሚባልበት መስመር የለም። ከመሬት እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ጉንጉን ነው፤ ትልቅ የተደፋ ቅርጫት ማለት ይቻላል። ክብደቱ በመሐል ምሰሶ ላይ አይወድቅም፤ በዙሪያው ባለው ጉንጉን ሁሉ ተከፋፍሎ ወደ መሬት ይወርዳል።

ምሰሶ አለመኖሩ ተራ ነገር አይደለም። በብዙ የአገራችን ክብ ጎጆዎች ምሰሶው የቤቱ ልብ ነው። የጉራጌን ቤት ያየ ያውቀዋል፤ የጣሪያው ማገሮች ሁሉ የሚያርፉት መሐል በቆመው ወፍራም ግንድ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ከሥሩ ሃያ ሳንቲሜትር ቆርጠህ ዝቅ አድርገው ብትባል አትችልም፤ ግድግዳው ሲያጥር ምሰሶው እንደ ረዘመ ይቀራል፣ ጣሪያው ይቀደዳል። የዶርዜው ቤት ግን ዙሪያውን እኩል ከተቆረጠ አንድ ላይ ይወርዳል። ምሰሶ ስለሌለው ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ከመሬት ጋር የሚያያይዘው ቋሚው ብቻ ስለሆነ ደግሞ ማንሳትም ይቻላል።

ከጉንጉኑ በላይ ክዳኑ ይመጣል። ቀርከሃ ሲያድግ ግንዱን ሸፍኖ የሚወጣና በኋላ የሚረግፍ ደረቅ ሽፋን አለ። ዶርዜዎች እሱን ሰብስበው ደራርበው ይከድኑበታል። የእንሰት ኮባም ለክዳን ይሆናል። ንብብሩ ወፍራም ነው፣ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ከፊት ለፊት እንደ አፍንጫ ወጣ ያለ መግቢያ ይሠራል። ግራና ቀኙ መቀመጫ ነው፤ እንግዳ የሚያርፍበት፣ ባለቤቱ ዝናብ ሲጥል ተቀምጦ የሚያወራበት። ከመግቢያው በላይ ሁለት የአየር ቀዳዳዎች አሉ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው። መሐሉ ላይ ምድጃ አለ፤ በአንድ ወገን በቀርከሃ ጉንጉን ተከልሎ ከብት ያድራል፣ በሌላው ወገን ሰው ይተኛል። የከብቱ ትንፋሽ በብርዱ ሌሊት ቤቱን ያሞቃል።

ቁመቱን ሰዎች ብዙ ጊዜ ለግርማ ሞገስ ነው ይላሉ። ግርማ የለውም አልልም፤ ግን ሌሎች ሦስት ሥራዎች አሉት። አንደኛው ዝናብ ነው። የሣርና የቅጠል ክዳን ውሃ የማያስገባው ቀጥ ብሎ ሲያዘቀዝቅ ብቻ ነው፤ ጠፍጠፍ ካለ ውሃው ይተኛበታል፣ ክዳኑም ይበሰብሳል። ሁለተኛው ጭስ ነው። ጣሪያው ሩቅ ሲሆን ጭሱ ከሰው ራስ በላይ ይወጣና በክዳኑ ውስጥ እየሰረገ ይጠፋል። ሦስተኛው ደግሞ ምስጥ ነው፤ ዋናውም እሱ ይመስለኛል። ቤቱ ያንን ሁሉ ቁመት ይዞ የሚጀምረው በኋላ የሚያጣው ስላለ ነው።

እንዴት እንደሚያጣው እንይ። መሬት ውስጥ የተተከለ እንጨት ሁሉ ቶሎ የሚሞተው አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። በጣም ጥልቅ ላይ አየር ስለሌለ ሻጋታው አይመቸውም፤ በጣም ከፍ ያለው ደግሞ ደረቅ ነው። አፈር ዳር ያለው ግን እርጥበትም አየርም ያገኛል። ምስጥም የሚመጣው ከመሬት ነው፤ እርጥበት ይፈልጋል፣ ፀሐይና ነፋስ አይወድም፤ ስለዚህ ከአፈሩ ተነስቶ በግንዱ ውስጥ ተደብቆ ይወጣል። የቋሚዎቹ እግር ሲበላ ቤቱ ባንድ ጊዜ አይወድቅም። ጉንጉኑ አንዱን ቋሚ ከሌላው ስለያዘው ቀስ እያለ ይቀመጣል፤ ወይም ባለቤቱ ቀድሞ ነቅቶ የበሰበሰውን ዙሪያውን ቆርጦ ያወርደዋል። አዲሱ እግር ትናንት ከመሬት በላይ የነበረው ጤነኛ ቀርከሃ ነው።

ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል እንሥራው። 12 ሜትር ሆኖ የተጀመረ ቤት በ60 ዓመት ውስጥ ግማሹን ቢያጣ በዓመት 10 ሳንቲሜትር ማለት ነው። በተግባር ግን በየዓመቱ እኩል አይሄድም፤ ለብዙ ዓመት ምንም ሳይነካ ይቆይና አንድ ክረምት ሲመረመር ክንድ ያህሉ ተበልቶ ይገኛል። የቤቱ ጠቅላላ ዕድሜ ስንት ነው ቢባል ሰዎች የሚናገሩት ይለያያል። 40 ዓመት የሚል አለ፣ 60 እና 80 የሚልም አለ። እኔ ሁሉንም አምናለሁ። ቀርከሃው መቼ ተቆረጠ፣ መሬቱ ውሃ ይይዛል ወይ፣ ባለቤቱስ ቤቱን ይከታተላል ወይ የሚሉት ነገሮች ዕድሜውን እጥፍ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ቤቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ንድፉም ይቀየራል። መጀመሪያ የሚጎዳው በሩ ነው፤ ከሥሩ ሲቆረጥ ያጥራል፣ ስለዚህ ከላይ ተከፍቶ ይስተካከላል። ወጣ ያለው መግቢያም እንደገና ይሠራል። ውስጥ ያለው ክፍልፋይ ጣሪያው ሲቀርበው ይነሳል ወይም ያጥራል። የወለሉ ስፋት ግን እምብዛም አይቀንስም፤ ግድግዳው ከታች ቀጥ ያለ ስለሆነ ሲቆረጥ ክቡ ያው ክብ ነው። ቤተሰቡ የሚያጣው የላይኛውን ባዶ እንጂ የሚተኛበትን ቦታ አይደለም። ልጆች በሚበዙበት ዘመን ቤቱ ረጅም ነው። ልጆች አድገው ወጥተው ሽማግሌና አሮጊት ሲቀሩ ቤቱም ዝቅ ብሎ፣ ለማሞቅ ቀሎ ይጠብቃቸዋል። ይህን ማንም አስቦ ያቀደው አይመስለኝም፤ ግን ይገጥማል።

ሌላው የጥገና መሣሪያ እሳት ነው። ምድጃው በየቀኑ ሲነድ ጭሱ ጉንጉኑ ላይ ጥቀርሻ ያለብሳል። ጥቀርሻው ለነቀዝና ለሌሎች ነፍሳት መራራ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ክዳኑን ከውስጥ ያደርቃል። ሰው የማያድርበት፣ እሳት የማይነድበት ቤት ቶሎ ያረጃል የሚባለው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ግን የምናሞካሸው ነገር ዋጋ እንዳለው መናገር ያስፈልጋል። ያው ጭስ የሰውን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ከሁሉ በላይ ቀኑን ሙሉ ምድጃ ዳር የምትውለውን ሴትና ያዘለችውን ሕፃን። ማብሰያው ወደ ጎን ቤት ሲወጣ እናትየው ትተርፋለች፣ ቤቱ ግን መድኃኒቱን ያጣል። ብዙ ጊዜ «ባህላዊው ቤት ይጠበቅ» የሚሉ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሳይነኩት ያልፋሉ። እኔ ብጠየቅ ማብሰያው ይውጣ እላለሁ፤ ለቤቱ ሌላ መላ ይፈለግለታል፣ ለሳንባ ግን የለም።

መሬቱ ራሱ በምስጥ ሲያዝ ወይም ባለቤቱ ቦታ መቀየር ሲፈልግ ቤቱ ይነሳል። ቋሚዎቹ ከሥር ይለቀቃሉ፣ ረጃጅም ጠንካራ ቀርከሃዎች በጉንጉኑ ውስጥ ዙሪያውን ይሰካሉ፤ ከዚያ ጎረቤት ይጠራል። ሰው ከውጭም ከውስጥም ሆኖ ይሸከመዋል፤ ቤቱ እንዳለ፣ ክዳኑን እንደ ለበሰ፣ ወደ አዲሱ ቦታ ይሄዳል። ሥራው የደቦ ነው፤ በምግብና በመጠጥ ይሸኛል። ዛሬ ቤትህን የተሸከመልህ ሰው ነገ ቤቱን ሊያነሳ ሲጠራህ መቅረት አትችልም። አሮጌው ቦታም ባዶ አይቀርም። ከብት ለዓመታት ያደረበት መሬት ነው፤ እንሰት ደግሞ ፍግ ይወዳል።

የዝሆኑን ነገር ሳላነሳ ባልፍ አንባቢ ይቀየመኛል። አስጎብኚዎች እንደሚሉት ወጣ ያለው መግቢያ ኩምቢው ነው፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ዓይኖቹ፤ ድሮ በአካባቢው ዝሆን ስለነበር አያቶች በእሱ አምሳል ሠሩት። ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን ወሬ ለአንድ ነገር ያለንን ፍቅር ያሳያል እንጂ ሁልጊዜ ምክንያቱን አይናገርም። ፈረንሳዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ዳን ስፐርበር ከ50 ዓመት በፊት ዶርዜ ተቀምጦ አጥንቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው አንድ ነገር ዛሬም ይጠቀሳል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ፤ ያም ሆኖ በጾሙ ቀን ከብታቸውን ከመጠበቅ አይዘናጉም። ከቤቱ ጋርም ነገሩ ይመሳሰላል። ዝሆን ነው እያሉ ይጠሩታል፤ ሲሠሩት ግን የሚያስቡት ስለ ቀርከሃው ዕድሜ፣ ስለ ውሃው መውረጃና ስለ ምስጡ ነው። ቀዳዳው ዓይን ቢባልም ሥራው ጭስና ብርሃን ነው።

ሌላም በተለምዶ የሚባል አለ። ዶርዜዎች ሸማኔዎች ስለሆኑ ቤታቸውንም ሸመኑት ይባላል። ይህን እንኳ ብዙም አልቀበለውም። በቀርከሃ የተጎነጎነ ቤት ሲዳማም አለ፤ የሲዳማ ሕዝብ በሽመና አይታወቅም። ሁለቱን ያገናኘው የደጋው ቀርከሃ ነው። የዶርዜ ሽመና የራሱ ታሪክ አለው። ጥጡ ከቆላው ይመጣል፣ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አግብተው ይሸምኑታል። ጋቢው፣ ቡልኮው፣ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የሚያሸበርቀው ዱንጉዛ ከዚያ ይወጣል። ሽመናው ግን ለቤቱ ጥገና ትልቅ ነገር አድርጓል፤ እሱም ወንዶቹን ከመንደሩ ማውጣቱ ነው።

አካባቢው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ ወዲህ የጋሞ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መሄድ ጀመሩ። እንጦጦ ሥር ያለው ሽሮ ሜዳ የእነሱ ሰፈርና ገበያ ሆነ። ዛሬ ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለመስቀል የምንለብሰው የሐበሻ ልብስ ብዙው እዚያ ይሸመናል፣ እዚያ ይሸጣል። ገንዘቡ ወደ ተራራው ይመለሳል፤ ሰውየው ግን የሚመለሰው ለዮ ማስቃላ፣ ለመስቀል በዓል ነው። ያ ጊዜ ዘመድ የሚጠየቅበት፣ ሥጋ የሚበላበት፣ የሚዘፈንበት ነው። 12 ሜትር ቤት ለመጎንጎን ወይም አንስቶ ለመሸከም የሚያስፈልገው ብዙ ክንድ፣ ብዙ ቀን ነው፤ በበዓል ሰሞን የሚገኘው ደግሞ ክንዱ እንጂ ቀኑ አይደለም።

ቆርቆሮ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ሽሮ ሜዳ ያለ ልጅ ገንዘብ ይልካል፣ ከጨንቻ ወይም ከአርባ ምንጭ ቆርቆሮና ሚስማር ይገዛል፤ ሁለት አናጢዎች ከጥቂት ቀን በኋላ ቤት ያስረክባሉ። ጎረቤት መጥራት፣ ለደቦ መደገስ፣ ክዳን መሰብሰብ የለም። እሳት እንደ ቅጠል ክዳን አያሰጋውም። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በአሸንዳ ይጠራቀማል። ባለቤቱን ዘመናዊ ያሰኘዋል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱ ደግሞ ቀን ሲሞቅ መጋሉ፣ ሌሊት ሲበርድ መብረዱ፣ ዝናብ ሲመጣ ወሬ አለማሰማቱ ነው። ሲዝግም አይጠገንም፣ ይቀየራል፤ የሚቀየረውም በገንዘብ ነው። የድሮው ቤት የሚጠይቀው ጉልበትና ዝምድና ነው፣ አዲሱ የሚጠይቀው ብር ነው። ብር ያለው፣ ጉልበት ያጣ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቢመርጥ የሚፈረድበት አይደለም። ብዙ ግቢ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ዝሆኑ ለማደሪያና ለእንግዳ፣ ቆርቆሮው ለዕቃና ለተማሪ ልጆች።

እየተጠገነ የሚኖር ሕንፃ የዶርዜ ብቻ አይደለም። ማሊ ውስጥ ጄኔ ከተማ ያለው ትልቁ የጭቃ መስጊድ፣ አሁን የምናየው እ.ኤ.አ. በ1907 የተሠራው፣ በየዓመቱ ከተማው ወጥቶ በጭቃ ይለስነዋል። ጃፓን ውስጥ የኢሴን ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ ከጎኑ በአዲስ እንጨት ሠርተው አሮጌውን ያፈርሱታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሠራ 62ኛ ጊዜው ነበር። ጄኔ በላዩ ላይ ይጨምራል፣ ኢሴ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ የዶርዜው ደግሞ ይቀንሳል። ሦስቱም ውስጥ ዕውቀቱ የሚተርፈው ሥራው ስለሚደጋገም ነው፤ ከትውልድ በላይ ሳይነካ የሚቆም ነገር ሠሪውን ያስረሳል።

አሁን ቤቱን ማቆየት ለሚፈልግ ሰው ምን ይረዳዋል? ትንሹና ርካሹ ነገር ውሃ ነው። ከክዳኑ የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳይቆም ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ ወደ ቁልቁለት መምራት። ከሥሩ የሚበቅለውን ሣርና ከግድግዳው ላይ የሚደገፈውን ማገዶ ማንሳት፤ ምስጥ ጥላና እርጥበት ሲያገኝ ነው የሚደፍረው። አመድ ማፍሰስ ገበሬው የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ዝናብ ስለሚያጥበው ግን መደጋገም አለበት። አዲስ ለሚሠራ ደግሞ ቀርከሃውን በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ መንከር አለ፤ በብዙ የቀርከሃ አገሮች የተለመደና ከሌሎች የእንጨት መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ለሰው የሚቀል ነው። ድክመቱ ውሃ መልሶ ስለሚያጥበው ዝናብ የሚነካውን ክፍል ብዙ አለመጥቀሙ ነው፤ ለውስጠኛው ጉንጉን ግን ይሆናል። ምድጃው ለወጣበት ቤት የጥቀርሻውን ቦታ የሚተካው ይህ ነው።

አንዳንዶች ለቱሪስት ማረፊያ ሲሠሩ ቋሚዎቹን በሲሚንቶ መሠረት ላይ ያቆማሉ። ምስጡን ያርቃል፣ ያለ ጥርጥር። ነገር ግን ሲሚንቶ ላይ የታሰረ ቤት አይነሳም፣ ዝቅም አይልም፤ አንድ ቦታ ሲጎዳ በመለጣጠፍ ይጠገናል ወይም ይፈርሳል። መልኩ የዶርዜ ቤት ነው፣ አኗኗሩ ግን ሌላ ነው። ለእንግዳ ማሳደሪያ ይህ አያስከፋም። ቅር የሚለኝ ይህኛው ሞዴል ሆኖ ሌላው ሁሉ በእሱ መለካት ሲጀምር ነው፤ ምክንያቱም ጎብኚ የሚወደው ረጅሙን፣ አዲሱን፣ ፎቶ የሚያምርበትን ነው። ግማሽ ቁመት ላይ የደረሰው፣ በሩ ሦስት ጊዜ የተቀደደው ቤት ግን ስለ ሥራው ከአዲሱ ይልቅ ብዙ ያስተምራል፤ አስጎብኚዎች እሱን ቢያስቀድሙ መልካም ነበር።

ቅርስ ጥበቃ ገንዘብ ሲመድብም ብዙ ጊዜ የሚመድበው ለአንድ ናሙና ቤትና ለአጥሩ ነው። እዚህ ግን ገንዘቡ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ይመስለኛል። ቀርከሃ ለአጥር፣ ለመሶብና ለወንበር ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ገበሬው ብር ሲቸግረው ያልጎለመሰውን ይቆርጣል፣ ወይም ቦታውን ለአፕልና ለድንች ይለቀዋል፤ ጨንቻ በአፕሏ ትታወቃለች። የቀርከሃው ጓሮ ከጠፋ ጎንጓኙ ቢኖርም ቤት የለም። ሦስት ዓመት እስኪሞላው ሳይቆረጥ ለሚያቆይ ገበሬ የሚከፈል ትንሽ ማካካሻ፣ ከሽሮ ሜዳ ከበዓሉ በፊት አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ለደቦ ለሚመጣ ልጅ የመጓጓዣ ድጎማ፣ ከአንድ አዛውንት ጎንጓኝ ጋር ሁለት ወጣቶች አንድ ቤት ጨርሰው እንዲሠሩ የሚያደርግ የቀን አበል፤ እነዚህ ተደምረው ከአንድ የናሙና ቤት ግንባታ ብዙም የሚበልጡ አይመስለኝም። የመጀመሪያውን ለመጀመር ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ቀበሌ፣ ጥቂት ፈቃደኛ ገበሬዎችና የትኛው ግንድ በየትኛው ክረምት እንደበቀለ የሚመዘገብበት ደብተር ነው።